ጅማ ላይ ቤተሰብን ከ09 ወደ 07 ማሻገር

ጅማ ውስጥ አንድ ቤት አምስት ስድስት ሲም ቢቆጠርበት አይገርምም። የአባት፣ የእናት፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የምትማረው ልጅ፣ የታናሽየው፣ ቤት የሚቀመጠው ኖርማል ስልክ፣ አንዳንዴም ለሥራ ብቻ የተያዘ ሌላ አንድ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ «እኛስ ከኢትዮ ቴሌኮሙ 09 ወደ ሳፋሪኮሙ 07 እንሻገር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቡና ላይ ሳይቀር ይነሳል። ውል የለም፣ በወሩ መጨረሻ የሚመጣ ቢል የለም፤ ሲም አውጥቶ ካርድ መሙላት ብቻ ነው። ሲሙን ማውጣት በእርግጥ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሥራው ያለው 09 ላይ የተንጠለጠለውን ነገር ሳይጥሉ መሻገሩ ላይ ነው፦ ባንኩ፣ ቴሌብሩ፣ ቴሌግራሙ፣ የእድሩ መዝገብ፣ ጅዳ ያለችው እህት በቃሏ የያዘችው ቁጥር።

አንድ ነገር ከአሁኑ ይታወቅ። የ09 ቁጥራችሁን ይዛችሁ አትሻገሩም፤ በ07 የሚጀምር አዲስ ቁጥር ነው የምትወስዱት። ስለዚህ የምንመክረው ወጪውን አሻግሮ ቁጥሩን ማቆየት ነው። ዳታውና የቤተሰቡ እርስ በርስ ጥሪ ወደ 07 ይሄዳል፣ 09ኙ ለገንዘብና ለድሮ ወዳጅ ሁለተኛው የሲም ቦታ ላይ ይቀመጣል። በአንድ ቅዳሜ ሁሉንም ቀይሮ የድሮውን ሲም መሳቢያ ውስጥ የጣለ ቤተሰብ ሰኞ ባንክ በር ላይ መታወቂያ ይዞ ሰልፍ ይጠብቀዋል።

ማን ለማን ይደውላል?

መጀመሪያ አንድ ደብተር አውጡና የ4 ሳምንት ወጪ በየሰዉ ስም መዝግቡ። በግምት አትሥሩት። በየቀኑ የሚገዛ ትንሽ ጥቅል ከአእምሮ ይጠፋል፣ ሲደመር ግን ብዙ ጊዜ ከወርሃዊው ይበልጣል። ማስረጃው ስልኩ ውስጥ ተቀምጧል፦ ጥቅል በተገዛ ቁጥር የመጣው ኤስኤምኤስ፣ በቴሌብር ከተገዛም የቴሌብሩ የግብይት ዝርዝር። ስማርት ስልክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ዩሴጅ» የሚለው ደግሞ የትኛው አፕ ስንት ጊጋ እንደበላ ለየብቻ ያሳያል። ቲክቶክ ከላይ ይወጣል፤ ልጆቹን ለመቆጣት ሳይሆን ለሂሳቡ ያዙት።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን ሰው የጥሪ ዝርዝር ክፈቱና የመጨረሻዎቹን 50 የደወላቸውን ጥሪዎች ቁጠሩ። ስንቱ ወደ 09፣ ስንቱ ወደ 07? ከጠቅላላው ሥራ ብዙ የሚነግራችሁ ይህ ቆጠራ ነው። ሁለቱ ኔትወርኮች ይደዋወላሉ፤ ከ07 ወደ 09 መደወል ችግር የለውም። ነገር ግን የድምፅ ጥቅል ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ የሚሠራው በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ወደ ሁሉም ነው። መርካቶ ሱቅ ያላቸው አባት ከ50 ጥሪ 45ቱን ወደ 09 ደንበኞች የሚደውሉ ከሆነ፣ በኔትወርክ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ጥቅል ገዝተው ደቂቃው ሳይነካ ዋና ሂሳባቸው ያልቃል። «ጥቅል እያለኝ ብሬን በላብኝ» የሚለው ቅሬታ በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል። ጥቅሉን ከማጽደቃችሁ በፊት ሦስት ነገር አንብቡ፦ ወደ የትኛው ኔትወርክ፣ ለስንት ቀን፣ በየትኛው ሰዓት። የሌሊት ጥቅል በቀን አይሠራም፤ ርካሽ የሆነውም ለዚሁ ነው።

ዋጋ ስታወዳድሩ ብሩን በጊጋ አካፍሉ፣ ግን እዚያ ላይ አታቁሙ። ለምሳሌ 2 ጊጋ ለ7 ቀን በ100 ብር፣ 5 ጊጋ ለ30 ቀን በ300 ብር ቀረበላችሁ እንበል። የመጀመሪያው በጊጋ 50 ብር፣ ሁለተኛው 60 ብር ነው። የመጀመሪያው የረከሰ ይመስላል። በሳምንት 1.2 ጊጋ ብቻ ለምትጠቀም ልጅ ግን የሳምንቱን አራት ጊዜ ብትገዛ 400 ብር ይወጣል፣ የተረፈው ዳታም በየሳምንቱ ይቃጠላል፤ ወርሃዊው በ300 ብር ያበቃታል። ቁጥሮቹ ለስሌት የተሰጡ ናቸው፣ የዕለቱን ዋጋ ከራሱ ከሜኑው ውሰዱ።

ፍጆታን ለመገመት ይህን ያህል ይበቃል። አንድ ሰዓት የዋትሳፕ ወይም የኢሞ የድምፅ ጥሪ በግምት ከ20 እስከ 40 ኤምቢ ይወስዳል፤ የቪዲዮ ጥሪ 300 ኤምቢና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ዩቲዩብ በ360 ጥራት በሰዓት ወደ 300 ኤምቢ፣ በ720 ከ1 ጊጋ ያልፋል። ዱባይ ካለች ልጃቸው ጋር በሳምንት ሁለት ሰዓት በቪዲዮ የሚያወሩ እናት እንግዲህ በወር ከ2 ጊጋ በላይ ለዚያ ብቻ ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው።

ኔትወርኩን በአንድ ሲም ፈትሹ

ስድስት ሲም በአንድ ቀን አታውጡ። አንድ ብቻ አውጡ፣ ብዙ ዳታ ለምትጠቀመው ልጅ ስጡ፣ ሁለት ሳምንት ቆዩ። ወይም 07 ያለው ጎረቤት ስልኩን ለአንድ ምሽት ያውሳችሁ። የሌላ ሰፈር ሰው «እኛ ጋ ፈጣን ነው» ማለቱ ለእናንተ ቤት ምስክር አይሆንም። ጅማ ኮረብታና ሸለቆ የተቀላቀለባት ከተማ ነች፤ ጅሬን ላይ የሚይዝ ኔትወርክ አዌቱ ዳር ዝቅ ባለ ግቢ ውስጥ ላይይዝ ይችላል።

የምትፈትሹት ሰዎቻችሁ የሚውሉበትንና የሚያድሩበትን ቦታ ነው። መኝታ ቤት በር ዘግታችሁ ሞክሩ፣ ጓዳም ግቡ። ቆርቆሮ ሲግናል ይመልሳል፣ ስለዚህ በረንዳ ላይ ሙሉ የሆነው ኔትወርክ ውስጥ ሲገባ ሊሞት ይችላል። ሱቁን፣ ግቢውን፣ አባት ለቡና ግዢ የሚመላለሱበትን የአጋሮ መንገድ፣ ዘመድ ያለበትን ዴዶ ወይም ሰቃ ጨምሩ። ሰዓቱም ይለያያል፤ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ሁሉም ሰው ቤት ገብቶ ዳታ ስለሚያበራ ቀን ላይ የፈጠነው ያን ጊዜ ይንቀራፈፋል። መብራት የጠፋበት ምሽት ካጋጠማችሁማ አትለፉት። ማማዎች በባትሪና በጄኔሬተር ይቆያሉ፤ መብራት ከሄደ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ሲግናሉ እንዴት እንደሆነ ማየት የክረምቱን ኑሮ አስቀድሞ ያሳያችኋል።

የሲግናል ዘንጎቹን በዓይን ከማየት ቁጥሩን ማየት ይሻላል። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ «አባውት ፎን»፣ ከዚያ «ሲም ስታተስ» ውስጥ የሲግናል ጥንካሬ በዲቢኤም ተጽፏል፤ ቁጥሩ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው። በ4ጂ ላይ ከ-95 የተሻለ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ማለትም -90 ወይም -80። ከ-105 እስከ -115 ደካማ ነው፤ መልእክት ይሄዳል፣ ቪዲዮ ይቆማል። ከ-115 ከወረደ ለዚያ ክፍል ተስፋ አታድርጉ። በየክፍሉ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጻፉ፤ ለ09ኙም እንዲሁ፣ ለማወዳደር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ስማርት ስልኩ 4ጂ አሳየ ማለት የእናት ኖርማል ስልክም ይሠራል ማለት አይደለም። አብዛኛው ባለ ቁልፍ ስልክ የሚይዘው 2ጂ ብቻ ነው። የሙከራ ሲሙን አውጥታችሁ እዚያው ስልክ ውስጥ ከትታችሁ ደውሉ፤ ሌላ ማረጋገጫ የለውም።

ቀፎው ይቀበላል ወይ?

ቴክኖ፣ አይቴል፣ ኢንፊኒክስና ሳምሰንግ ከገበያ የተገዙ ከሆነ ባለ ሁለት ሲም ናቸው፣ ብዙም አያስቸግሩም። ሁለት ነገር ግን እዩ። አንደኛው፣ አንዳንዱ ቀፎ ሁለተኛውን ሲምና ሜሞሪ ካርዱን የሚያስቀምጠው አንድ ቦታ ላይ ነው። ሁለተኛ ሲም ልታስገቡ ስትከፍቱት ሜሞሪውን ማውጣት ግድ ይሆናል፣ ሜሞሪው ላይ ደግሞ የሠርጉ ፎቶ ሁሉ አለ። ትሪውን አስቀድማችሁ ከፍታችሁ እዩ፤ ሦስት ቦታ ካለው ተገላገላችሁ፣ ሁለት ብቻ ከሆነ ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልኩ ማውረድ ይቀድማል።

ሁለተኛው ከውጭ የመጣ ስልክ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአረብ አገር የተላከ ቀፎ እዚያ አገር ላለ ድርጅት የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሲም ሲገባ «ሲም ኖት ሳፖርትድ» ይላል ወይም የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ «ጄኔራል»፣ «አባውት» ውስጥ «ካሪየር ሎክ» የሚለው ፊት ለፊት «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ክፍት ነው። የተቆለፈ ከሆነ የሚከፍተው የመጀመሪያው ድርጅት ነው፤ ላኪው ዘመድ እዚያው ሆኖ ቢጠይቅ ይቀላል። ሰፈር ያለ ጠጋኝ ሶፍትዌር ጭኖ ከፍቶት በሚቀጥለው አፕዴት ተመልሶ የሚቆለፍ ስልክ ብዙ ነው።

ሲሙን ማውጣትና ማስገባት

መታወቂያ ያስፈልጋል፦ ፋይዳ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ። ጊዜው ያለፈበት የቀበሌ መታወቂያ ይዞ ሄዶ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው፤ ከቤት ሳትወጡ ቀኑን እዩ። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ ልጆች ሲሙ በወላጅ ስም ይወጣል።

ስም ላይ ቸልተኛ አትሁኑ። «ችግር የለም፣ በእኔ ስም አውጣው» ብሎ አንድ ወንድም የስድስቱን ሲም ባለቤት ከሆነ፣ እሱ ሥራ ፍለጋ ሐዋሳ በሄደ ማግስት እናት ስልካቸው ቢጠፋ ሲሙን ማስተካት አይችሉም። መታወቂያው ያለው እሱ ጋ ነዋ። ሁሉም አዋቂ በራሱ ስም ያውጣ። በዚሁ አጋጣሚ የ09ኞቹንም ባለቤትነት አጣሩ፤ ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም ካለ ሁለቱም ወገን መታወቂያ ይዘው ኢትዮ ቴሌኮም ሄደው ስሙን ያዛውሩ። ከመሻገራችሁ በፊት አድርጉት፤ በኋላ የድሮው ባለቤት አይገኝም።

መንገድ ላይ ጥላ ዘርግተው በታብሌት የሚመዘግቡ ወኪሎችን ጋ ማውጣት ይቻላል፣ ከሱቅ ግን ብታወጡ ደስ ይለናል። የትም ሆነ የት፣ ፎቶና መታወቂያ የሚነሳው ለአንድ ሲም አንድ ጊዜ ነው። «አልሠራም፣ ድገም» ከተባላችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ፣ ስክሪኑንም እዩ፤ በስማችሁ ሌላ ሲም ወጥቶ ቢገኝ ጣጣው የእናንተ ነው። ከቦታው ሳትነሱ ሲሙን አስገቡና አንድ ጥሪ አድርጉ፣ አንድ ጥሪ ተቀበሉ፣ ዳታ አብርታችሁ አንድ ገጽ ክፈቱ።

ሲሙ የሚመጣው በሦስት መጠን ተበጥሶ በሚወጣ ትልቅ ፕላስቲክ ላይ ነው። ለድሮው ኖርማል ስልክ ትልቁ መጠን ይሆናል፣ 25 በ15 ሚሊሜትር፤ ለአብዛኛው ስማርት ስልክ ትንሹ፣ 12.3 በ8.8 ሚሊሜትር። የትኛው ስልክ ውስጥ እንደሚገባ ሳታውቁ እስከ ትንሹ አትበጥሱ። ከበጠሳችሁም ክፈፉን አትጣሉ፤ ትልቅ ቦታ ባለው ስልክ ሲሙን መልሶ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ባዶውን ክፈፍ ብቻ ግን በፍጹም አታስገቡ፤ ሲወጣ ውስጥ ያሉትን የብረት ጥርሶች ነቅሎ ይመጣል፣ ያ ስልክ ያ የሲም ቦታ አለቀለት።

ትሪ ያለው ስማርት ስልክ ላይ ከትሪው ጎን ያለውን ቀዳዳ በመክፈቻው መርፌ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ። ከታች ባትሪ መሙያው አጠገብ ያለው ትንሽ ቀዳዳ የማይክራፎን ነው፤ እሱን የወጋ ሰው ድምፁ ለሌላው የማይሰማ ስልክ ይዞ ይቀራል። ወርቃማው ገጽ ወደ ታች፣ የተቆረጠው ጥግ ከትሪው የተቆረጠ ጥግ ጋር። ሲሙ ተኝቶ ካልገጠመ አቅጣጫው ተሳስቷል፤ አትጫኑት።

ሲሙ የወጣበት ፕላስቲክ ላይ ፒን እና ባለ 8 አሃዙ ፒዩኬ ታትሟል። ደብተሩ ውስጥ ለጥፉት። ፒን ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ይቆለፋል፣ ፒዩኬ ይጠይቃል፤ ፒዩኬ አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ለዘለቄታው ይሞታል። የመቆለፊያ ፒን ልታደርጉ የሚገባው በተለይ ገንዘብ በተያያዘበት 09 ሲም ላይ ነው።

ሁለት ሲም በአንድ ስልክ

ከማንም በላይ ብር የሚያስበላው እዚህ ጋ ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ሲም ካርድ» የሚለውን ክፈቱና ለሲሞቹ ስም ስጡ፣ «ዳታ 07» እና «ገንዘብ 09» ብላችሁ። የሞባይል ዳታ በ07 ብቻ እንዲሆን አድርጉ። ከዚያ «ኦቶማቲክ ዳታ ስዊች» ወይም ተመሳሳይ ስም ያለው ምርጫ ካለ አጥፉት። ይህ ምርጫ ከበራ የ07 ሲግናል በደከመ ቁጥር ስልኩ ሳይነግራችሁ ወደ 09 ይዘላል፣ 09 ላይ ደግሞ ጥቅል የለም፣ ከዋናው ሂሳብ ይቆርጣል። ካርድ ሞልቶ አድሮ ጠዋት ዜሮ ሆኖ የሚገኝ ሂሳብ መጀመሪያ እዚህ ይፈለግ።

ለጥሪ ደግሞ «ሁልጊዜ ጠይቀኝ» የሚለውን ለአንድ ወር አድርጉት። በየጥሪው ሲም መምረጥ ያሰለቻል፣ ነገር ግን አባት ወደ 09 ደንበኛ በ09፣ ለልጃቸው በ07 መደወል የሚለምዱት በዚህ ነው። ከለመዱ በኋላ ዋናውን ሲም ቋሚ አድርጉላቸው።

ኢንተርኔት ጭራሽ ካልከፈተ፣ ዳታ በርቶ ጥቅልም እያለ፣ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ። ካልሆነ ወደ ሳፋሪኮም የደንበኞች አገልግሎት 700 ደውላችሁ የኢንተርኔት ሴቲንጉን በኤስኤምኤስ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፣ ሲመጣ ተቀበሉት። 700 ላይ ከአማርኛ ሌላ በአፋን ኦሮሞም ይስተናገዳል፤ በአፋን ኦሮሞ ቢነገራቸው የሚቀላቸው ወላጆች ራሳቸው ይደውሉ።

ኮዶቹን በካርቶን ጽፋችሁ የስልክ ቻርጀር የሚሰካበት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በሳፋሪኮም ሂሳብ ለማየት *704#፣ ካርድ ለመሙላት *705* ከዚያ የተፋቀው ቁጥር ከዚያ #፣ ጥቅል ለመግዛት *777#። በኢትዮ ቴሌኮም ሂሳብ *804#፣ መሙያ *805*፣ ጥቅል *999#፣ የደንበኞች አገልግሎት 994። የሚያምታታው 704ና 804 መመሳሰላቸው ነው። ለእናት እንዲህ ብላችሁ ንገሯቸው፦ ለ07ቱ ኮዱ በሰባት ይጀምራል። ባለ ሁለት ሲም ስልክ ላይ ኮዱ ትክክል ሆኖ ከተሳሳተ ሲም ከተደወለ መልሱ ስህተት ነው፤ «አልሠራም» ሲባል ቀድማችሁ የትኛው ሲም እንደተመረጠ እዩ። ካርድ ሲገዛም የየትኛው እንደሆነ ለባለ ሱቁ ይነገር። ከተፋቀ በኋላ አይመልስም።

ገንዘቡ የመጨረሻ ነው

ቴሌብር ከግንቦት 3 ቀን 2013 ጀምሮ ያለ አገልግሎት ነው፣ አካውንቱም የተሳሰረው ከ09 ቁጥር ጋር ነው። በ07 በኩል ያለው ኤም-ፔሳ፣ ነሐሴ 2015 የጀመረው፣ ራሱን የቻለ ሌላ ቦርሳ ነው፤ የሚከፈተው በ*733# ወይም በአፑ ነው። አንዱ ወደ ሌላው አይለወጥም፣ የድሮው ታሪክና ብድርም አብሮ አይመጣም። ባጃጅ ያለው ወንድም ነዳጅ በቴሌብር እየከፈለ ከሆነ 09ኙን ስልኩ ላይ እንደበራ ያቆየው። ኤም-ፔሳ መጨመር ይቻላል፣ መተካት ግን ሌላ ነገር ነው።

ከቴሌብር ወይም ከአየር ሰዓት ብድር ካለ ክፈሉት። ያልተከፈለ የአየር ሰዓት ብድር ያለበት ሲም ላይ «ለማቆየት» ብላችሁ በየወሩ የምትሞሉትን ትንሽ ካርድ ብድሩ ይወስደዋል፣ ሲሙም ባዶ ሆኖ ይቀመጣል።

ባንኩ ላይ የተመዘገበው ቁጥር ቢያንስ ሁለት ወር አይነካ። ንግድ ባንክ ውስጥ በ*889# የምትጠቀሙ ከሆነ፣ አፑንም ብትጠቀሙ፣ ማረጋገጫ ኮዱም የገቢና ወጪ መልእክቱም የሚመጣው በተመዘገበው ቁጥር ነው። በመጨረሻ ወደ 07 ለመቀየር ከወሰናችሁ ባለ ሒሳቡ ራሱ መታወቂያና ደብተር ይዞ ቅርንጫፍ ይሂድ፤ በስልክ «ቁጥርህን ልቀይርልህ» የሚል ከመጣ ሌባ ነው። ከተቀየረ በኋላ ከወረፋው ሳትወጡ 10 ብር ወደ ራሳችሁ ሰው ልካችሁ መልእክቱ በ07 መምጣቱን አረጋግጡ። በዚህ የሽግግር ወር በስልክ የመጣ ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ ለማንም አይነገር፤ የቤቱ ሰው ሁሉ አዲስ ቁጥር ያወጣበት ጊዜ ስለሆነ «ከድርጅቱ ነው የምንደውለው» የሚል ሰው በቀላሉ ይታመናል።

ቴሌግራም፣ ዋትሳፕና ኢሞ

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እነዚህ አፖች ዳታው ከየትኛው ሲም እንደመጣ ግድ የላቸውም። በ09 የተመዘገበ ዋትሳፕ በ07 ዳታ፣ በዋይፋይም ይሠራል። ስለዚህ ሲም ስለቀየራችሁ ብቻ አፕ ማጥፋትም እንደገና መመዝገብም አያስፈልግም። አጥፍቶ በ07 እንደ አዲስ የተመዘገበ ሰው ከግሩፖቹ ሁሉ ይወጣል።

ቁጥሩን ራሱን ለመቀየር ከፈለጋችሁ ሴቲንግ ውስጥ «ቼንጅ ነምበር» የሚለውን ተጠቀሙ። ዋትሳፕ ላይ እሱ ያለው «አካውንት» ውስጥ ነው፤ የድሮውንም አዲሱንም ቁጥር ትጽፋላችሁ፣ ኮዱ የሚመጣው በአዲሱ ነው። ቴሌግራም ላይም ውይይቱና ግሩፑ እንዳለ ይቆያል። ሁለቱም ላይ የ«ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ይለፍ ቃል አድርጉ። ምክንያቱ ተራ ጥንቃቄ አይደለም፦ ለብዙ ወር ያልተነካ የ09 ሲም ይዘጋል፣ ቁጥሩም ዞሮ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ ያ ሰው ቴሌግራም ሲከፍት የእናንተን አካውንት ኮድ ይቀበላል። ጂሜይልና ፌስቡክ ላይ ያለውንም የመመለሻ ቁጥር እዩት።

የስልክ ማውጫው ጉዳይ ለባለ ኖርማል ስልኮች ነው። ብዙዎቹ ስም የሚያስቀምጡት ሲሙ ላይ ነው፤ ሲሙ ሲወጣ ስሙም አብሮ ይወጣል። ሲሙን ሳታወጡ «ኮፒ ኦል» ብላችሁ ወደ ስልኩ አውርዱ። ቁጥሮችን በአዲስ ስትመዘግቡ +2517 ወይም +2519 ብላችሁ ጀምሩ፤ በዜሮ የተጻፈ ቁጥር ከውጭ አገር አይደወልበትም።

ለማን ይነገር? ለሁሉም በአንድ ቀን ከመላክ ዝርዝር ማውጣት ይሻላል። የእድሩና የእቁቡ ጸሐፊ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ላይ ያለው ካርድ፣ አከራይ፣ ቡናውን የሚረከበው ነጋዴ። ለእነዚህ ሁለቱንም ቁጥር ስጡ፤ እድር ላይ የሚደርስ ጥሪ የለቅሶ ነውና እንዳያመልጥ። አንዳንድ ፎርም 09 ካልሆነ አልቀበልም ይላል፤ እዚያ 09ኙን ጻፉ።

ቅደም ተከተሉ በእኛ ግምት እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ተማሪዋ፣ ቀጥሎ ታናሽየው፣ በሦስተኛ ደረጃ የአባት ዳታ ብቻ፣ በአራተኛ ደረጃ እናት። የወሩን ደብተር ከመጀመሪያው 4 ሳምንት ጋር አወዳድሩ። ለአንዱ ሰው ወጪው ካልቀነሰ ወይም ኔትወርኩ ካልተሻለ እሱን መልሱት፤ ውል ስለሌለ የሚከፈል ቅጣት የለም፣ የወጣው የሲሙ ዋጋ ብቻ ነው። ግማሹ 09፣ ግማሹ 07 የሆነ ቤት ችግር የለበትም፣ እርስ በርስ የሚደዋወሉት ወደ ሁሉም ኔትወርክ የሚሠራ ጥቅል ከገዙ።

09ኙን ለማቆየት በየወሩ አንድ ቀን፣ ደመወዝ የሚገባበትን ወይም የእቁቡን ቀን፣ ለይታችሁ ትንሽ ካርድ ሙሉና አንድ ጥሪ አድርጉ። ሁለት ሲም የሚጠባበቅ ስልክ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ በተለይ አንደኛው ሲግናል ፍለጋ ሲባዝን፤ ደካማ ኔትወርክ ያለበት ገጠር ስትሄዱ የማይይዘውን ሲም ከሴቲንግ አጥፉት። ስልክ ከተሰረቀ አሁን የሚጠፋው ሁለት ቁጥር ነው፦ 994ም 700ም ወዲያው ተደውሎ ሁለቱም ይዘጉ፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ይጨመር። *#06# ሲደወል የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ መለያ ስልኩ በእጃችሁ እያለ ደብተሩ ላይ ጻፉት።

ዴዶ ያሉትን አያት ግን ተዉአቸው። የእሳቸው 09 እዚያው ይቆይ፤ የምትሠሩላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስልካቸው ላይ ቁጥር 2 ተጭኖ ሲያዝ ወደ ልጃቸው አዲሱ 07 እንዲደውል አድርጉ፣ ሦስት ጊዜ አብራችሁ አስደውሏቸው፣ ቁልፉ ላይም ቀይ ፕላስተር ለጥፉበት።